ለወና ሕንጻ ፎቶ ውድ ሌንስ ያዋጣል?

በአሜሪካ ዲትሮይት ከተማ የሚገኘው የሚቺጋን ሴንትራል ባቡር ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ1988 ተዘግቶ ለ30 ዓመታት ያህል ወና ሆኖ ሲቆይ፣ ካሜራ ያነገቡ ብዙዎችን ስቧል። ፎርድ ኩባንያ በ2018 ገዝቶ አሳደሰው፤ በ2024ም ተከፈተ። ፍርስራሹን ያኔ ያላነሳ ሰው ከእንግዲህ አያገኘውም።

ለእንዲህ ያለው ሥራ ሌንስ የሚገዛ ሰው ሒሳቡን ማወቅ አለበት። ኤፍ 2.8 ሌንስ ከኤፍ 4 እጥፍ ብርሃን ያስገባል፤ ዋጋውና ክብደቱም ከፍ ይላል። ሙሽሮች ስለሚንቀሳቀሱ ጭማሪው ለሠርግ ፎቶ አንሺ ያዋጣል። ግድግዳ ግን አይንቀሳቀስም። ካሜራው ባለሦስት እግር ማቆሚያ ላይ ከተቀመጠ፣ በጨለማ አዳራሽ ለሰከንዶች ተከፍቶ ቢቆይም ምስሉ አይደበዝዝም። ከቅርብ እስከ ሩቅ ጥርት እንዲል ሁለቱም ሌንሶች ወደ ኤፍ 8 ከጠበቡ ደግሞ የብርሃን ብልጫው ይቀራል።

ገንዘብ የሚያዋጣው በስፋት ላይ ነው። በ35 ሚሊሜትር ፊልም ካሜራ 16 ሚሊሜትር ሌንስ ከጥግ እስከ ጥግ 107 ዲግሪ ሲይዝ፣ 50 ሚሊሜትሩ 47 ብቻ ይይዛል። ወደ ኋላ ማፈግፈግ በማይቻልበት ክፍል ልዩነቱ ትልቅ ነው።

ስለዚህ አስቀድሞ ጠንካራ ማቆሚያ፣ ቀጥሎ ሰፊ ኤፍ 4 ሌንስ መሸመት ይበጃል። የተረፈው ለጉዞው ይሆናል፤ ወና ሕንጻ ገዢ እስኪያገኝ እንጂ ፎቶ አንሺው ገንዘብ እስኪያጠራቅም አይጠብቅም።