ሳውንድ ካርድ ራዲዮ ሲሆን

በስዊድን ግሪሜቶን የሚገኘው አሮጌ የራዲዮ ጣቢያ በዓመት በጥቂት ቀናት፣ አብዛኛውን ጊዜ በፈረንጆች ገና ዋዜማም ጭምር፣ በ17.2 ኪሎ ኸርዝ የሞርስ መልእክት ያስተላልፋል። አውሮፓ ውስጥ ያለ አድማጭ እሱን ለመስማት ራዲዮ መግዛት የለበትም። ረዘም ያለ ሽቦ ከሳውንድ ካርድ ጋር ካገናኘ የቀረውን ሶፍትዌር ይጨርሰዋል። ካርዱ በሰከንድ 48,000 ናሙና ስለሚወስድ እስከ 24 ኪሎ ኸርዝ ድረስ ያለውን ይይዛል። (መብረቅ ሲያስገመግም ሽቦውን መንቀል ነው!)

ከዚያ በላይ ላለው ሞገድ እንደ ሶፍትሮክ ያለ፣ ባለቤቱ ራሱ በይዶ የሚገጣጥመው ትንሽ ቦርድ ያስፈልጋል። ቦርዱ ለምሳሌ በ7.056 ሜጋ ኸርዝ ግራና ቀኝ ያለውን ሞገድ ዝቅ አድርጎ በሁለት ሲግናል ያወጣዋል፤ አንዱ ከሌላው በሩብ ዑደት ይለያል። አንዱ በግራ፣ ሌላው በቀኝ ቻናል ይገባል። እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2003 ጄራልድ ያንግብለድ በኪውኢኤክስ መጽሔት በአራት ክፍል የጻፈው ጽሑፍ ይህንኑ መንገድ ለብዙ የራዲዮ አማተሮች አስተዋውቋል።

ጣጣው ያለው መሰኪያው ላይ ነው።

የላፕቶፕ ቀዳዳ ብዙውን ጊዜ ለማዳመጫና ለማይክ የጋራ ነው፤ ማይኩ ደግሞ ሞኖ ነው። ስቴሪዮ ጃክ ቢሰካበትም አንዱ ቻናል ውጭ ይቀራል። ሶፍትዌሩ ግን ቅሬታ አያሰማም። ስክሪኑ በሲግናል ይሞላል፣ ድምፅ ይሰማል፣ ባለቤቱም ተሳካልኝ ብሎ ይደሰታል። የሚያነጻጽርበት ሁለተኛ ሲግናል ስለሌለው ግን ከመሃል በላይና በታች ያለውን መለየት አይችልም። በ7.066 የሚያወራ ሰው በ7.046ም እኩል ጎልቶ ይታያል፤ የስክሪኑ ግራ የቀኙ ግልባጭ ይሆናል። ያኔ ያላጠፋው ቦርድ ይወቀሳል፣ ብየዳው ይደገማል፣ አንቴናው ይቀየራል።

ማረጋገጫው ቀላል ነው፤ ግራና ቀኙን በየተራ መንቀል። አንዱ ሲነቀል ስክሪኑ ላይ ምንም ካልተለወጠ፣ ሲሰማ የቆየው አንድ ቻናል ብቻ ነበር። መፍትሔው ስቴሪዮ ላይን ኢን ያለው ውጫዊ ካርድ ነው። ርካሾቹ የዩኤስቢ ካርዶች አብዛኛውን ጊዜ የሞኖ ማይክ መግቢያ ብቻ አላቸው፤ ሻጩ «ስቴሪዮ ነው» ሲል የሚያወራው ስለ ማዳመጫው ነው፤ ገዢው ደግሞ ሳያጣራ ይከፍላል።

በትክክለኛው መሰኪያም ቢሆን ደብዘዝ ያለ ግልባጭ አይጠፋም። በሁለቱ ቻናሎች መካከል የ1 በመቶ የጉልበትና የ1 ዲግሪ የፌዝ ልዩነት ካለ፣ ግልባጩ ከዋናው ወደ 40 ዴሲቤል ዝቅ ብሎ ይታያል። ኤችዲኤስዲአር በተባለው የራዲዮ ሶፍትዌር ውስጥ ማስተካከያ አለለት። ለስብሰባ ጥሪ የተሠራውን የጫጫታ ማጥፊያ ግን ከኮምፒውተሩ ላይ መዝጋት ግድ ነው፤ ደካማውን ጣቢያ ጫጫታ ብሎ ይቆርጠዋልና።

ዛሬ ጀማሪው ሁሉ ከቲቪ መቀበያነት ወደ ራዲዮ የዞረውን የዩኤስቢ ዶንግል ይገዛል። ዶንግሉ የሚያሳየው ሞገድ ሰፊ ነው፤ ናሙናው ግን 8 ቢት ብቻ ነው። የተናቀው ሳውንድ ካርድ 16 ወይም 24 ቢት አለው።