ዘይት የሚገፋው መኪና በሳኔቲ ዳገት

ከሮቤ ተነሥቶ ጎባን አልፎ ወደ ደሎ መና የሚወስደው መንገድ የሳኔቲን አምባ ያቋርጣል። ጎባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ፣ መንገዱ አምባው ላይ ከ4,000 ሜትር በላይ ይደርሳል። በዚያ ከፍታ የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ከመቶ 60 ያህሉ ነው፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር ጉልበትም በተቀራራቢ መጠን ይቀንሳል። ታዲያ ፍሪሲዮን የሚረግጥለት እግር የሌለው አውቶማቲክ መኪና ዳገት ላይ ቆሞ እንደገና ሲነሣ ሞተሩ ስለምን አይጠፋም?

ምስጢሩ በሞተሩና በካምቢዮው መካከል ያለው፣ ቶርክ ኮንቨርተር የተባለው በዘይት የተሞላ ክብ ዕቃ ነው። ሁለት የኤሌክትሪክ ማራገቢያዎችን ፊት ለፊት አስቀምጣችሁ አንዱን ብቻ ብታበሩ፣ ነፋሱ ሌላውን ያዞረዋል። እዚህም በሞተሩ የሚዞረው ፓምፕ ዘይት ይወረውራል፤ ከካምቢዮው ጋር የተያያዘው ተርባይን ይቀበላል። ፍሬን ተይዞ ተርባይኑ ቢቆም እንኳ ፓምፑ ዘይቱን እያማሰለ መዞሩን ይቀጥላል።

ዋናው ብልሃት ግን በመካከላቸው ያለው ስታተር ነው። ከተርባይኑ የሚመለሰው ዘይት አቅጣጫው ስለተገለበጠ፣ እንዲሁ ቢለቀቅ የፓምፑን ዙረት ይቃወማል። የስታተሩ ምላሶች ይህን ዘይት ጠምዝዘው ፓምፑ ወደሚዞርበት አቅጣጫ ይመልሱታል። ስታተሩ ወደ ኋላ እንዳይዞር የታሰረ ስለሆነ ለዘይቱ መደገፊያ ግድግዳ ይሆናል፤ ስለዚህም መኪናው ሲነሣ ወደ ካምቢዮው የሚገባው የማዞር ኃይል ሞተሩ ከሚሰጠው እስከ እጥፍና ከዚያም በላይ ይደርሳል። (ጉልበት ከባዶ አይፈጠርምና ዋጋው በፍጥነት ይከፈላል፤ ተርባይኑ ከፓምፑ እጅግ ይዘገያል።) ጀርመናዊው መሐንዲስ ሄርማን ፎቲንገር በ1905 እ.ኤ.አ. ይህን ሐሳብ ሲያመነጭ ያሰበው ስለ መኪና ሳይሆን የመርከብን የእንፋሎት ተርባይን ከፕሮፔለሩ ጋር ስለማገናኘት ነበር።

ኪሳራው ሙቀት ነው። ዳገት ላይ መኪናውን ያለ ፍሬን፣ በነዳጅ መርገጫ ብቻ አቁሞ የሚይዝ ሹፌር ምን እያደረገ ነው? ተርባይኑ ስላልዞረ ሥራ አልተሠራም፤ ስለዚህ ወደ ዕቃው የገባው ጉልበት በሙሉ ዘይቱን ያፈላል። የሳኔቲ አየር ቢቀዘቅዝም ስስ በመሆኑ ሙቀቱን ጠርጎ የመውሰድ አቅሙ ያንሳል።

ከአምባው ወደ ሐረና ደን ሲወረድ ነገሩ ይገለበጣል፤ ጎማው ተርባይኑን፣ ተርባይኑም በዘይቱ አማካይነት ሞተሩን ያዞራል። ዝቅተኛ ማርሽ ሲገባ ተርባይኑ ስለሚፈጥን ሞተሩ መኪናውን ይበልጥ ይይዛል። ማንሻውን «ዲ» ላይ ትቶ በፍሬን ብቻ የሚወርድ ሹፌር ግን የቁልቁለቱን ሙቀት ሁሉ በፍሬን ሸራው ላይ ይጭነዋል።