የሳነቴው ብቸኛ አዳኝ አጋር አለው ወይ?

ከደሎ መና ወደ ጎባ የሚወስደው መንገድ የሐረናን ጫካ አቋርጦ፣ በሪራ አልፎ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የባሌ አምባ፣ ሳነቴ ላይ ይወጣል። እዚያ ቀይ ቀበሮ ጆሮውን አቁሞ፣ ምድር ለምድር እየተሳበ፣ ለብቻው ፍልፈል ሲያደን ይታያል። ላየው ሰው ማንንም የማይፈልግ ፍጡር ይመስላል።

በልቦለድም እንዲህ ያለ ጀግና አለ። ባትማን እ.ኤ.አ. በ1939 ለአንባቢ ሲቀርብ በጨለማ የሚንቀሳቀስ ብቸኛ ነበር። ደራሲው ቢል ፊንገር ግን ጀግናው የሚያወራው ሰው በማጣቱ ተቸገረ። በ1940 ሮቢን የተባለ ታዳጊ ረዳት ተፈጠረለትና ታሪኩ ነፍስ ዘራ።

የሳነቴው አዳኝስ? እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ተመራማሪው ክላውዲዮ ሲሌሮ-ዙቢሪ የባሌን ቀበሮዎች መከታተል ጀመረ። ቀን ለየብቻ የሚያድኑት ቀበሮዎች ጎህ ሲቀድና ሲመሽ ተሰባስበው ግዛታቸውን አብረው ይዞራሉ። አንዷ ስትወልድ ሌሎቹ ለቡችሎቹ ምግብ ያመጣሉ፣ ይጠብቃሉ፤ አንዳንዴ ሌላዋ ሴት ታጠባለች። ከዚህ የበለጠ የሚገርም ነገርም ታየ፦ ቀበሮው በሚግጡ ከብቶች መካከል ተከልሎ ወደ አይጦች ይጠጋል። አጋሩ ከራሱ ዘር ውጭም ነበር ማለት ነው።

አጋርነቱ ምን ያህል እንደሚጠቅም በቁጥር የታወቀው ግን መንዝ፣ ጓሳ ላይ ነው። ቪቬክ ቬንካታራማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተሙት ጥናት፣ ብቻውን የሚያድን ቀበሮ ከሙከራዎቹ የሚሳካለት 25 በመቶው ነው፤ በጭላዳ ዝንጀሮዎች መካከል ሲሆን ግን 67 በመቶ ይደርሳል። ዝንጀሮዎቹ ሲግጡ አይጦቹን ከተደበቁበት ያስወጡለት ይሆናል፤ ወይም ከለላ ይሆኑታል።

ቀበሮውም ውለታውን ያውቃል፤ በመካከላቸው ሲሄድ ይረጋጋል፣ ግልገሎቻቸውን አይነካም። አንድ ቀበሮ ግን ግልገል ነጠቀ። ዝንጀሮዎቹ ተባብረው አስጣሉት፣ አባረሩት፤ ተመልሶ እንዳይገባም ከለከሉት። አጋርነት የሚቆመው በመተማመን ነው።

ዛሬ በዓለም የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች 500 ያህል ብቻ ናቸው፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በባሌ ይኖራሉ። ከለላ ከሚሆኗቸው ከብቶች ጋር ግን ውሻም ወደ ደጋው ይወጣል። ከውሾች የተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያና በ2003 የባሌን ቀበሮዎች ክፉኛ ፈጅቷል። ቤተሰብ ከሌለ ቡችላ የሚጠብቅ፣ ግዛት የሚያስከብር የለም፤ ብቸኛ የሚመስለው አዳኝም አይተርፍም። ስለዚህ በባሌ ከብት የምታረቡ ወገኖች፣ ውሾቻችሁን አስከትቡ። የሳነቴው ጀግና ዛሬ የሚያስፈልገው አጋር እናንተ ናችሁ።