የሱቅ በር ለማን ይከፈታል?

መርካቶ «ይህ ተራ የእነ እከሌ አገር ሰዎች ነው» ሲባል መስማት የተለመደ ነው። ነጋዴው በትውልድ አካባቢው ተጠራርቶ አንድ ዓይነት ዕቃ ይይዛል። ከዚህ ተነስተው «ንግዱን አንድ ብሔረሰብ ያዘው» የሚሉ አሉ። ከሐሜቱ በፊት ግን ሱቅ እንዴት እንደሚያዝ ማወቅ ይጠቅማል።

ከጣሊያን ወረራ በፊት የአዲስ አበባ ገበያ አራዳ ጊዮርጊስ ሲሆን፣ ህንዶች፣ አርመኖች፣ ግሪኮችና ዓረቦች በመደብር ንግዱ ጎልተው ይታዩ ነበር። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ከተማዋን ከያዘ በኋላ ነጭና ጥቁርን ለመለየት ሲል የአገሬውን ገበያ ወደ ዛሬው መርካቶ አዛወረው። ከነፃነት በኋላም የሰፈር ሱቅ ባለቤቱ ብዙ ጊዜ የመናዊ ስለነበር «ዓረብ ቤት» ይባል ነበር። የሱቅ ንግዱ ወደ ጉራጌ ነጋዴዎች የተሻገረው ማንም በአዋጅ ስላደላቸው አልነበረም። በተላላኪነትና በሻጭነት ተቀጥረው ዋጋውን፣ ደንበኛውንና አከፋፋዩን ያወቁት፣ የመናውያኑ ሲሄዱ ቦታውን ተረከቡ።

እንግዲህ ሱቅ ሦስት ነገር ይፈልጋል፤ ሙያ፣ መነሻ ገንዘብና ዱቤ። ሙያው በዘመድ ሱቅ ይለመዳል። መነሻው ከእቁብ ይገኛል። ለምሳሌ ሃያ ሰዎች በሳምንት 5,000 ብር ቢጥሉ ዕጣ የደረሰው 100,000 ብር ያለ ወለድ ይወስዳል። ሆኖም የእቁቡ ዳኛ ዋስ ይጠይቃል፤ ዋስ የሚሆነው ደግሞ የሚያውቅህ ሰው ነው። ጅምላ ሻጩም ቢሆን ዕቃውን በዱቤ የሚለቀው ቤተሰቡን ለሚያውቀው ነው። አዲስ መጪውን ደጅ የሚያስቀረው የንግድ ፈቃድ ሳይሆን ይህ የዋስ ሰንሰለት ነው።

ሱቁን ነጥቆ ማከፋፈል መፍትሔ እንዳልሆነ ኡጋንዳ አሳይታለች። እ.ኤ.አ. በ1972 ኢዲ አሚን እስያውያንን በ90 ቀን ውስጥ እንዲወጡ አዘዘ፤ ሱቆቻቸው ለወታደሮችና ለባለሟሎች ታደሉ። የተረከቡት ሰዎች በመደርደሪያ ላይ ያለውን ሸጡ፤ የሚተኩበት የአስመጪ ትውውቅም ሆነ ዱቤ ግን አልነበራቸውም። ሸቀጥ ጠፋ፣ ዋጋ ናረ። የሙሴቬኒ መንግሥት በኋላ ባለንብረቶቹን ተመለሱ ብሎ ጠራ። ቁልፍ ተረክቦ ደንበኝነትን አለመረከብ ማለት ይህ ነው።

ይህ ሲባል ግን ቅሬታው መሠረት የለውም ማለት አይደለም። ባንክ ቤት ወይም ሕንፃ በመያዣነት ሲጠይቅ፣ እቁብም ዘመድ ሲጠይቅ፣ ሁለቱም የሌለው ወጣት በረንዳ ላይ ይቀራል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1147 የሚንቀሳቀስ ንብረት፣ የሱቅ ሸቀጥ ጭምር፣ ለብድር ዋስትና እንዲሆን ፈቅዷል። ባንኮች ይህን በችርቻሮው መንደር በተግባር ካዋሉት የዋሱን ሰንሰለት ማላላት ይቻላል።

ጉዳዩ የሁሉም ነጋዴ ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው መመሪያ የጅምላና የችርቻሮ ንግድን፣ መስፈርቱን ለሚያሟሉ የውጭ ባለሀብቶች ከፍቷል። በአገር ልጅነት የተሳሰረ ተራ ብቻውን ከትልቅ ካፒታል ጋር መወዳደር ይከብደዋል። በእቁቡ ወንበር ከሌላ ሰፈር የመጣ ታማኝ ሻጭ ማስቀመጥ እንደ ምጽዋት መታየት የለበትም፤ ለራስ ገበያ ጭምር ዋስ መጥራት ነው።