የከፋ ደን በስልክ መስተዋት

ዩኔስኮ ከፋን በባዮስፌር መዝገቡ ያሰፈረው በ2002 ዓ.ም. ነው። ዩቲዩብም 1080 የሚባለውን የቪዲዮ ጥራት ማሳየት የጀመረው በዚያው ዓመት ነበር። ዛሬ ቦንጋ ላይ ካሜራ ያለው ስልክ የያዘ ሰው ደኑን ቀርጾ ለዓለም ያሳያል። ነገር ግን ያው አንዱ ቪዲዮ በአንደኛው መድረክ ቅጠሉ ሲቈጠር፣ በሌላው እንደ ተከተፈ ጎመን ይታያል። ምክንያቱ ምንድን ነው?

1080 የሚለው ቍጥር የሚነግርዎ የነጥቦቹን ብዛት ብቻ ነው፤ 1920 በ1080 ሲባዛ ከ2 ሚሊዮን በላይ ይሆናል። መልኩን አጥርቶ የሚያሳየው ግን በየሰከንዱ የሚላከው የመረጃ መጠን ነው። መድረኮቹ ቪዲዮውን ለማቅለል ሲሉ ያልተለወጠውን የሥዕል ክፍል ደግመው አይልኩም። የስብሰባ አዳራሽ ግድግዳ አይነቃነቅም፤ በነፋስ የሚወዛወዝ ቅጠልና የሚወርድ ዝናብ ግን በየቅጽበቱ ይለወጣሉ። ስለዚህ ሲጨመቅ እጅግ የሚጐዳው እንደ ከፋ ያለው የደን ሥዕል ነው።

እንግዲህ ምን ይበጃል? ለሕዝብ ለማሳየት ዩቲዩብ ይመቻል፤ እርሱም ለ1080 በሰከንድ 8 ሜጋቢት፣ ማለት በደቂቃ 60 ሜጋባይት ያህል እንዲሰቀል ይመክራል። ለወዳጅዎ ሲልኩ ግን በቴሌግራም እንደ ቪዲዮ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላኩት፤ እስከ 2 ጊጋባይት ድረስ ሳይጨመቅ ይደርሳል። ዋናውን ቅጂም በሌላ ማኖሪያ ሳያስቀምጡ ከስልክዎ አያጥፉ። ደኑን በዐይኑ ላላየ ሰው ምስክሩ ይኸው ሥዕል ነው፤ አንድ ጊዜ ተጨምቆ የደበዘዘ ቅጠልም ተመልሶ አይለመልምም።