አባትና ልጅ አብረው የሠሩት ጊታር

ወላጆች ሆይ፣ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጃችሁ አንድ ቀን የዋንዛ ጣውላ ተሸክሞ መጥቶ «ኤሌክትሪክ ጊታር ልሠራ ነው» ቢላችሁ ምን ትመልሱለታላችሁ? በቴፒና በሚዛን አካባቢ ይህ ጥያቄ እንግዳ አይደለም። ከመዘምራኑ መካከል ጊታር የሚመኝ ወጣት የሌለበት ቤተ ክርስቲያን ማግኘት ያስቸግራል፤ የመሣሪያው ዋጋ ግን ከብዙ የቡና ገበሬ ቤተሰብ አቅም በላይ ነው። «መጀመሪያ ትምህርትህን!» ማለት ይቀላል። አንድ አባት ግን ሌላ መልስ ሰጥቶ ነበር።

ሃሮልድና ብራያን

ሃሮልድ ሜይ በለንደን ዳርቻ የሚኖር የኤሌክትሮኒክስ ባለ ሙያ ነበር። ልጁ ብራያን ኤሌክትሪክ ጊታር ቢመኝም ቤተሰቡ ከሱቅ ለመግዛት አቅም አልነበረውም። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1963 አባትና ልጅ ራሳቸው ሊሠሩት ተነሡ። ሥራው ሁለት ዓመት ያህል ወሰደ።

አንገቱን ከአሮጌ የእሳት ማንደጃ ዙሪያ ከተነቀለ እንጨት ጠረቡት፤ ነቀዝ የበሳውን ቀዳዳ በክብሪት እንጨት ደፈኑት። ለአካሉ የአሮጌ ጠረጴዛ እንጨት አዋሉ። ክሩን ለማርገብገብ የሚያገለግለውን ክፍል ከአሮጌ ሞተር ብስክሌት በወጡ ሞላዎች ገጠሙት። በአንገቱ ላይ ያሉት ነጭ ነጥቦች ከእናቱ የስፌት ሣጥን የወጡ ቁልፎች ናቸው። ቤተሰቡ ሁሉ በጊታሩ ውስጥ አለ ማለት ይቻላል።

የስድስቱ ማብሪያዎች ምሥጢር

የኤሌክትሪክ ጊታር ድምፅ በዋነኛነት የሚመጣው ከክሮቹ ሥር ከተተከለው ፒክአፕ ነው። ፒክአፕ ማለት እንደ ፀጉር የቀጠነ የመዳብ ሽቦ በሺህ የሚቆጠር ዙር የተጠመጠመበት ማግኔት ነው። የብረቱ ክር ሲርገበገብ በሽቦው ውስጥ አነስተኛ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል፤ አምፕሊፋየሩም ይህን አጉልቶ ያሰማል። በአንገቱ በኩል ያለው ፒክአፕ ወፈር ለስለስ ያለ ድምፅ ሲሰጥ፣ ክሮቹ ከታች በሚታሰሩበት በኩል ያለው ደግሞ ቀጠን ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። ማብሪያው የሚያስፈልገው ከእነዚህ ለመምረጥ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1954 የወጣው የፌንደር ስትራቶካስተር ሦስት ፒክአፕና ሦስት ማረፊያ ያለው ማብሪያ ነበረው። ተጫዋቾች ግን ማብሪያውን በሁለት ማረፊያዎች መካከል ቢያቆሙት ሁለት ፒክአፖች አብረው እንደሚሰሙ ደረሱበት። ፋብሪካው ባለ አምስት ማረፊያ ማብሪያ የገጠመው እ.ኤ.አ. በ1977 ነው።

ብራያንና አባቱ ቀደም ብለው ሌላ መንገድ መርጠው ነበር። ለእያንዳንዱ ፒክአፕ ሁለት ትንንሽ ማብሪያ፣ በጠቅላላው ስድስት ገጠሙ። አንደኛው ፒክአፑን ያበራል ያጠፋል፤ ሁለተኛው የሽቦውን ሁለት ጫፎች ያገለባብጣል። ሁለት ፒክአፖች በአንድ አቅጣጫ ሲሠሩ ድምፁ ይሞላል። አንዱ ሲገለበጥ ግን በሁለቱ ዘንድ ያለው የጋራ ድምፅ እርስ በርሱ ይጠፋፋል፤ የሚቀረውም ቀጭንና በአፍንጫ የሚወጣ የሚመስል ድምፅ ነው። ሁለቱም ፒክአፖች ጤነኞች ናቸው፤ የተቆረጠ ሽቦም የለም። አባት «ይሁን» እናት «አይሆንም» በሚሉበት ቤት ያደገ ልጅ ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

በቤት ለሚሞክሩ

ጊታር የሠራ ወጣት ሁለት ፒክአፖችን አብሮ ሲያበራ ድምፁ ከቀጠነበት፣ የአንዱን ፒክአፕ ሁለት ሽቦዎች ቦታ ያቀያይር። ከሁለቱ አንዱ ከፒክአፑ የብረት ሽፋን ጋር የተያያዘ ከሆነ ግን አስቀድሞ ይለየው። ወደ መሬት የሚሄዱት ሽቦዎች ሁሉ በአንድ ቦታ ይገናኙ፤ ክሮቹ የሚታሰሩበት ብረትም ከእነርሱ ጋር ይያያዝ። ይህ እምምም የሚለውን ድምፅ ይቀንሳል።

ቴፒ ሞቃትና ዝናብ የሚበዛበት አገር ስለሆነ ሁለት ነገር ይታሰብ። ለቡና ጥላ የሚሆነው ዋንዛ ለዕቃ ሥራም የተመሰገነ ነው፤ ነገር ግን እርጥብ ጣውላ ከተሠራ በኋላ ይጣመማልና ከጣሪያ በታች አየር እያገኘ በሚገባ ይድረቅ። ማብሪያው ውስጥ ያለው ብረትም በእርጥበት ስለሚዝግ ሲነካ መንጫጫት ይጀምራል። መድኃኒቱ የኤሌክትሮኒክስ ማጽጃ ፈሳሽ እንጂ የምግብ ዘይት አይደለም።

ከሁሉ በላይ አምፕሊፋየሩ ይመርመር። የጊታሩ ክሮች በሽቦ ከአምፕሊፋየሩ ጋር የተገናኙ ስለሆኑ፣ የመሬት መስመር የሌለው ብልሹ አምፕሊፋየር ክሩን የያዘ ሰው ከንፈሩ ማይክራፎኑን ሲነካ ሊገድለው ይችላል።

አባት ሲያዝን

የሃሮልድና የብራያን ታሪክ ግን በጊታሩ አላበቃም። ብራያን በኢምፔሪያል ኮሌጅ ፊዚክስ ተምሮ በሥነ ፈለክ የዶክትሬት ጥናት ከጀመረ በኋላ፣ ኩዊን ለተባለው የሙዚቃ ቡድን ብሎ ጥናቱን አቋረጠ። ጊታሩን አብሮት የሠራው አባት በዚህ በጣም አዘነ፤ በመካከላቸውም ቅዝቃዜ ገባ። ሃሮልድ ልጁን የተረዳው ከዓመታት በኋላ ኒው ዮርክ ድረስ ሄዶ በማዲሰን ስኩዌር ጋርደን አዳራሽ ሲጫወት ካየው በኋላ ነው።

ብራያን የተወውን ጥናት ጨርሶ ዶክትሬቱን የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ2007 ሲሆን፣ አባቱ ያንን ቀን ለማየት አልደረሰም። ያ በቤት የተሠራ ጊታር ግን ከሃምሳ ዓመት በላይ ከብራያን እጅ አልተለየም፤ እ.ኤ.አ. በ2002ም በእንግሊዝ ንግሥት የወርቅ ኢዮቤልዩ በቤተ መንግሥቱ ጣሪያ ላይ ተጫውቶበታል።

ውድ ወላጆች፣ ልጃችሁ መሣሪያ ልሥራ ብሎ ሲመጣ ትምህርቱን እንዳይተው መምከር ተገቢ ነው። ምክሩን ስትሰጡ ግን አባት ጣውላውን ይያዝለት፤ እናትም ከስፌት ሣጥኗ ቁልፍ ትፈልግለት። ጊታሩ ድምፅ ባይሰጥ እንኳ ያን ያህል ጊዜ አብራችሁ ተቀምጣችኋል።