ከርሰሩ መጀመሪያ የት ይቁም?

በገና ሰሞን ላሊበላ ውስጥ አልጋ ማግኘት ዕድል ይጠይቃል። ልደትን በቤተ ማርያም ለማክበር በእግሩ የሚተመው ምእመን አብዛኛው ሜዳ ላይ ነው የሚያድረው። በአውሮፕላን የሚመጣው እንግዳ ደግሞ ሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር ከሚርቀው አየር ማረፊያ በሚኒባስ ተጭኖ በአንድ ጊዜ ሪሴፕሽኑ ፊት ይሰለፋል። ከጠረጴዛው ኋላ ያለችው ሠራተኛ ዓይኗ ፓስፖርቱ ላይ ነው። «አዲስ እንግዳ» የሚለውን ትጫንና ስክሪኑን ቀና ብላ ሳታይ መጻፍ ትጀምራለች። የጻፈችው የት ያርፋል? ይህን የሚወስነው ሶፍትዌሩን የሠራው ሰው ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ሳያስበው ነው የሚወስነው።

ማውስ ቦታ አለው፤ ቀስቱ የቆመበትን ነው የሚነካው። ኪቦርድ ግን ቦታ የለውም። «ይህ ቁልፍ ተነካ» ብሎ ለኮምፒውተሩ ከማሳወቅ ውጭ ለማን እንደሚጽፍ አያውቅም። ዊንዶውስ መልእክቱን ተቀብሎ ፊት ለፊት ላለው መስኮት ያቀብላል፤ መስኮቱም በውስጡ ካሉት ሳጥኖችና አዝራሮች መካከል ለአንዱ ብቻ ይሰጣል። ያ አንዱ «ፎከስ ይዟል» ይባላል። ብልጭ ድርግም የምትለው ከርሰር የዚህ ምልክት ናት። መስኮቱ ገና ሲከፈት ማንም ምንም አልነካምና የመጀመሪያውን ፎከስ አንድ ሰው አስቀድሞ ማደል አለበት።

ፕሮግራመሩ ካላደለው መስኮቱ የተሠራበት መሣሪያ በራሱ ልማድ ያድለዋል፤ ልማዱም እንደየመሣሪያው ይለያያል። በሲ ሻርፕ ፎርሞች ላይ ዝቅተኛ የታብ ቁጥር (በታብ ቁልፍ ሲዘለል የሚደርሰው ተራ) ያለው ይወስዳል፤ ያ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ፕሮግራመሩ ፎርሙ ላይ መጀመሪያ የጣለው ነገር ነው፣ «ውጣ» የሚለው አዝራር ቢሆንም እንኳ። የጃቫው ስዊንግ አቀማመጥ አይቶ ከላይ በስተግራ ያለውን ያስቀድማል። የፓይተን ተማሪዎች የሚጀምሩበት ቲኪንተር ደግሞ ፎከሱን ለመስኮቱ ለራሱ ሰጥቶ ሳጥኖቹን ባዶ እጃቸውን ይተዋቸዋል። ሠራተኛዋ የእንግዳውን ስም እስከ መጨረሻው ትጽፋለች፤ ቀና ስትል አንድም ፊደል የለም።

መፍትሔው የአንድ መስመር ኮድ ነው፤ ጀማሪን የሚያታልለው ሰዓቱ ነው። ፎከስ ገና ላልተሠራ ሳጥን አይሰጥም። በሲ ሻርፕ ትእዛዙን ፎርሙ በሚፈጠርበት ኮድ ውስጥ ብትጽፈው ስሕተት ሳያሳይ ዝም ብሎ ይታለፋል። ወይ ፎርሙ ከታየ በኋላ መጠየቅ ነው፣ ወይ ደግሞ ተረኛው ሳጥን ማን እንደሆነ ለፎርሙ አስቀድሞ መንገር። በስዊንግ ክፍሎቹ መስኮቱ ላይ ከተደለደሉ በኋላ፣ መስኮቱ ከመታየቱ በፊት ባለችው ጠባብ ክፍተት ነው የሚጠየቀው። ኪውት የተባለው ሌላው መሣሪያ ያለው ባህርይ ለኔ ከሁሉም ይሻለኛል፤ ጥያቄውን ቀደም ብሎ ቢሰማ እንኳ ይዞ ቆይቶ መስኮቱ ፊት ሲወጣ ይፈጽመዋል።

እስካሁን ያልነው የትም አገር ይሠራል። እኛ ዘንድ ግን ፎከስ ሁለት ፊደል ተሸክሞ ነው የሚዞረው። የአገር ውስጥ እንግዳ ስም በአማርኛ፣ የፓስፖርት ቁጥር በላቲን ፊደል ይጻፋል። እስከ ዊንዶውስ 7 ድረስ የኪቦርዱ ቋንቋ ከየመስኮቱ ጋር ይያያዝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 ከወጣው ዊንዶውስ 8 ጀምሮ ግን ሰው ካልቀየረው በስተቀር ለሁሉም መስኮት አንድ ነው። እናም ሠራተኛዋ በወርድ የአማርኛ ደብዳቤ ስትጽፍ ቆይታ ወደ እንግዳ ፎርሙ ብትመለስ፣ የፓስፖርቱ ፊደላት ግእዝ ሆነው ይገባሉ። በነጋታው በትክክለኛው ቁጥር ስትፈልገው «አልተገኘም» ይላታል። ከርሰሩን ትክክለኛው ሳጥን ላይ ማቆም እዚህ አገር ግማሽ ሥራ ነው፤ ሳጥኑ ፎከስ ሲቀበል የኪቦርዱም ቋንቋ አብሮ እንዲቀየር ማድረግ ሌላው ግማሽ። ሲ ሻርፕም ጃቫም ይህን ይፈቅዳሉ፤ የሚጠቀምበት ግን ጥቂት ነው።

የሳጥኖቹ ቅደም ተከተልም እንዲሁ የአገሩን ልማድ ይጠይቃል። ከውጭ የመጣ ፕሮግራም ብዙ ጊዜ ከርሰሩን «የቤተሰብ ስም» ላይ ያቆመዋል። የላሊበላ ሰው መታወቂያ በስሙ ይጀምርና የአባቱን፣ ከዚያም የአያቱን ስም ያስከትላል። ለእሱ የቤተሰብ ስም የትኛው ነው? ሠራተኛዋ በየእንግዳው ታብ እየነካች ትዘላለች፤ ወይም የአያትን ስም እዚያ ትጽፋለች።

አንዴ የተሰጠ ፎከስ ሊነጠቅም ይችላል። በድምፅ አጻጻፍ «ላሊበላ» ስንል መጀመሪያ የ«ኤል»ን ቁልፍ እንነካለን፤ ስክሪኑ ላይ «ል» ትወጣለች። ቀጥሎ «ኤ» ስንነካ «ል» ጠፍታ «ላ» ትተካለች። በሁለቱ ምቶች መካከል አንድ የመልእክት ሳጥን ዘሎ ቢወጣ «ል» እዚያው ሳድስ እንደሆነች ትቀራለች፤ አናባቢዋ አዲሱ ሳጥን ላይ ወድቃ ትባክናለች። ይህስ ይታረማል። ከዚህ የሚከፋው ስፔስ ነው። በስምና በአባት ስም መካከል ስፔስ እንነካለን፤ ስፔስ ደግሞ ፎከስ የያዘ አዝራርን ይጫናል። «የድሮው መዝገብ ይሰረዝ?» የሚል ሳጥን በዚያች ቅጽበት ብቅ ብሎ ፎከሱ «አዎ» ላይ ከሆነ፣ መዝገቡን የሚሰርዘው የእንግዳው የአባት ስም ነው። እንዲህ ባለ ሳጥን ላይ ፎከሱ «አይ» ላይ መሆን አለበት፤ ክርክርም የለውም። ዊንዶውስ ከ98 ጀምሮ ከኋላ ያለ ፕሮግራም በራሱ ጊዜ ፊት እንዳይወጣ ገድቦ፣ ከታች ያለው ምልክቱ ብቻ ብልጭ ድርግም እንዲል አድርጓል። የራሱ የፕሮግራሙ ሳጥን ግን ክልከላው አይነካውም።

ስክሪን ማየት ለማይችል ተጠቃሚ ነገሩ ከዚህም ይከብዳል። እ.ኤ.አ. በ2006 አንድ ዓይነ ስውር አውስትራሊያዊ ወጣት የጀመረው፣ በነፃ የሚገኘው ኤንቪዲኤ የተባለ የስክሪን አንባቢ ፕሮግራም እና መሰሎቹ ጮክ ብለው የሚያነቡት ፎከስ ያረፈበትን ነው። ፎከሱ ለመስኮቱ ብቻ ተሰጥቶ ሳጥኖቹ ከተተዉ፣ ተጠቃሚው የመስኮቱን ስም ይሰማል እንጂ ምን እንደሚጠየቅ አያውቅም።

ይህ ሁሉ ጣጣ ድረ ገጽ ላይ ቢሠራ አይቀርም ወይ የሚል ይኖራል። አይቀርም፤ እዚያም ፎከስ አለ። ደግሞም በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የተቋረጠው ኢንተርኔት ለወራት እንዳልተመለሰ የላሊበላ ሰው ያውቃል። በዚያን ጊዜ አገልግሎት መስጠት የሚችለው እዚያው ኮምፒውተሩ ላይ የተጫነ ፕሮግራም ነው።

ፕሮግራመሮች በብዛት የሚረሱት ሁለተኛውን እንግዳ ነው። ሲሞክሩ አንድ ሰው መዝግበው፣ ከርሰሩ በትክክል ስም ላይ እንደጀመረ አይተው ይዘጉታል። ከሚኒባሱ የወረዱት ግን አሥራ ሁለት ናቸው። «አስቀምጥ» ከተጫነ በኋላ ሳጥኖቹ ይጸዳሉ፤ ፎከሱ ግን ማንም ካልመለሰው እዚያው አዝራሩ ላይ ነው። ሠራተኛዋ ቀጣዩን ፓስፖርት ተቀብላ መጻፍ ትጀምራለች፤ ፊደሎቹ ይጠፋሉ፤ ስፔሱ ጋ ስትደርስ ፕሮግራሙ ስም የሌለው እንግዳ ይመዘግባል። ከማስቀመጫው ትእዛዝ በታች ከርሰሩን ወደ ስም ሳጥን፣ ቋንቋውንም ወደ ነበረበት የሚመልሱ ሁለት መስመሮች ይበቃሉ። ፕሮግራሙን ከማስረከብ በፊት ማውሱን ነቅሎ ሦስት ሰው በተከታታይ ለመመዝገብ መሞከር ነው፤ ጉድለቱ ሁለተኛው ሰው ላይ ይታያል።